ስድስተኛው ቆርቆሮ

ካኞ ማንሶ መጥቶ መንገድ የሚጠይቅ እንግዳ ጣት አይጠብቅ። እኛ የምንጠቁመው በከንፈር ነው። ፋርማሲው የት ነው ሲባል ከንፈር ወደ ግራ ይሞጠሞጣል፤ ጀልባው ሄደ ወይ ሲባል ወደ ወንዙ ይሾላል፤ አማትህ መጣች ለማለትም ያው ከንፈር ነው፣ አገጭ ትንሽ ቀና ብሎ። እጃችን ዓሣ ይይዛል፣ መቅዘፊያ ይይዛል፣ ሕፃን ይይዛል፤ ለመጠቆም ትርፍ እጅ ያለው ማን ነው? በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል በጣቷ የምትጠቁም አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አሚንታ ባሮስ፣ ልብስ ሰፊዋ። አንድ ነገር የጠየቃት ሰው ካለ መቀሷን ታስቀምጣለች፣ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች ታወጣለች፣ ከዚያ ጣቷን ትዘረጋለች። ስትጨርስ ስፒሎቹን መልሳ ትነክሳለች። ከንፈሯን በስፒል ዘግታ የምትውለው ለሥራው ብላ ብቻ አልነበረም።

ምክንያቱ ፊልም ነው። «የጥር ጭቃ» የሚባለውን ፊልም የሚያውቅ ሰው ከካኞ ማንሶ ውጭ ብትፈልጉ አታገኙም። ዋና ከተማው ውስጥ አንድ ሳምንት ለባዶ ወንበር ታይቶ ወርዷል። ጥሩ ፊልም ግን ነው፤ እዚህ የተወለደ ሁሉ ከአባታችን ሆይ ቀጥሎ በቃሉ የሚያውቀው እሱን ነው። አሚንታ ሃያ ዓመት ሲሞላት፣ አክስቷ ቤት ስፌት እየተማረች ሳለች፣ አንድ ጢማም ዳይሬክተር በሁለት የጭነት መኪና ዕቃ ጭኖ መጣና ፊልሙን እዚሁ፣ ከእኛው ሰዎች ጋር ሠራው። አሚንታን ያገኛት ቁልፍ ሊያስተክል ገብቶ ነው። ትንሽ ሲያያት ቆየና «ፊትሽ ዝም ማለት ይችላል» አላት። እሷ ያን ጊዜ ሙገሳ መሰላት።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቻኖ የሚባል ዓሣ አጥማጅ የባለርስቱን አለቃ ደብድቦ ይሸሸጋል። መንደሩ በሙሉ የት እንዳለ ያውቃል፣ መንደሩ በሙሉ ዝም ይላል። ወታደሮች ይመጣሉ። መኮንኑ ሴልሳ የምትባለውን ልጅ፣ ማለት አሚንታን፣ ጭቃው መሀል አቁሞ «የት ነው?» ይላታል። ፊቷ ግድግዳውን ይሞላል። ዝም ትላለች፣ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ከንፈሯ ቀስ ብሎ ይሞጠሞጥና ወደ ጎን ይሾላል። ወታደሮቹ ችቦ ይዘው ይሮጣሉ። ከዚያ ግድግዳው ነጭ ይሆናል፤ ፊልሙ ስላለቀ ሳይሆን ቆርቆሮው ስለጎደለ ነው። ዳይሬክተሩ ለከተማዋ የላከው ኮፒ በስድስት ቆርቆሮ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለበዓል ሲጠበቅ ወንዙ ሞላ፤ አምስቱ ተርፈው ስድስተኛው ጭቃ ጠጣ። እኛም አምስቱን አየን። ኋላ ወደ ካሴት ሲገለበጥ አምስቱ ተገለበጡ፣ ወደ ዲስክ ሲገለበጥም እንዲሁ።

በየዓመቱ የካንዴላሪያ እመቤታችን በዓል ዋዜማ፣ ፀሐይ እንደገባች፣ ሰው ወንበሩን ከቤቱ ተሸክሞ ይመጣል፤ ፊልሙም በቤተ ክርስቲያኑ የጎን ግድግዳ ላይ ይታያል። ተዋናዮቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሕዝቡ ንግግራቸውን ቀድሞ ይላል። የአሚንታ ከንፈር ሲሞጠሞጥ አደባባዩ በሙሉ ከንፈሩን አሞጥሙጦ አየሩን ይስማል፣ ከዚያም በአንድ ድምፅ «ሳአአአፓ!» ይላል። ሳፓ እንቁራሪት ነው፤ በእኛ አፍ ግን ጠቋሚ፣ ወሬ አቀባይ ማለት ነው። ግድግዳው ነጭ ሲሆን የጡሩንባው ባንድ ይጀምራል፣ ርችት ይተኮሳል፣ ወንበር ይታጠፋል፣ ጭፈራ ይሆናል። የዓመቱ ትልቁ ደስታችን ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ዋዜማ ባለፈ ማግስት አሚንታ ዓሣ ልትገዛ ወደ ወደቡ ወረደች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቃትን ዓሣ ሻጭ «ቦካቺኮ ዓሣ አለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ እንደ ልማዷ በከንፈሯ ወደ ቅርጫቱ ጠቆመችና ያደረገችው ነገር ለራሷ ሲገባት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ጎረቤቷ አሞጠሞጠች፣ ከዚያ የጎረቤቷ ጎረቤት። ወደቡ ዳር የነበረ ሰው ሁሉ ከንፈሩን አሹሎ ቆሞ አያት። አሚንታም አብራ ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን ዓሣውን ሳትገዛ መመለሷን አየች። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓይነት ጠዋት አይታለች፤ እንደዚያኛው ያለ ግን አልገጠማትም።

አንድ ዓመት ይቆያል ብላ ነበር። የጀልባ ሞተረኛውን ኒካኖርን አገባች። ኒካኖር ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ሰዎች «ኒካኖር፣ የት እንዳመሸህ ሚስትህ ለወታደር ትነግርብሃለች!» ሲሉት «እሷ አትናገርም፣ ታሞጠሙጣለች እንጂ!» ብሎ ያስቃቸዋል። ማታ ግን «ዋዜማውን ዘንድሮ አትውጪ፣ በእኔ ይሁንብሽ» ይላታል። ሴት ልጃቸው ዩሊሳ ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ ከንፈራቸውን አሹለው አየር እየሳሙ ይቀበሏት ጀመር። ዩሊሳ የማትስቅ ልጅ ሆና አደገች፣ ከዚያ ባራንኪያ ከተማ ሄዳ ፋርማሲ ውስጥ ተቀጠረች። ኒካኖር ከሞተ ወዲህ እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«እማዬ፣ ነይ እዚህ። እዚህ ማንም አያውቅሽም።»

«እዚያም ቤት አለኝ፣ እዚህም ቤት አለኝ። ምን አደረግኩ ብዬ ነው የምሸሸው?»

«ምንም እንዳላደረግሽ እኔ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ለምን ልሂድ? ብሄድ ይኸው አመነች ነው የሚሉት።»

እውነቷን ነበር። የሚገርመው ደግሞ፣ ፊልሙ ሲሠራ ያዩት አሮጌዎች እየሞቱ ሲሄዱ ነገሩ ሊረሳ ሲገባው ባሰ። ወጣቶቹ ቻኖ የሚባል ሰው በእርግጥ ነበረ ብለው ያምናሉ፤ ተደብቆበት የነበረውን ቤት ለእንግዳ የሚያሳዩም አሉ፣ በከንፈራቸው። አዲስ የመጡት ቄስ እንኳን አንድ ቀን ወደ ጎን ሳብ አድርገዋት «ልጄ፣ ያ የዓሣ አጥማጁ ነገር… እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው» አሏት።

«አባ፣ ፊልም ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉ ትከሻዋን እየመቱ።

አሚንታ ስድስተኛው ቆርቆሮ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቅ ነበር፤ ቢያንስ የራሷን ድርሻ። ሴልሳ በከንፈሯ የጠቆመችው የቻኖን መደበቂያ ሳይሆን የገዛ ራሷን ባዶ ቤት ነው። ወታደሮቹ የሚያቃጥሉት የእሷን ጎጆ ነው። እሷ አመድ ላይ ስትቀመጥ ዳይሬክተሩ «እንደዚሁ፣ ምንም አታድርጊ» እያለ ቀርጿታል፤ አመዱ እስከ ማታ ከእግሯ አልለቀቀም። ይህን ለሰው ሁሉ ተናግራለች። «ሳፓ ስለ ራሷ ሌላ ምን ትበል?» ብለው ሳቁባት። ቆይታ መናገሩን ተወችው፤ ባወራች ቁጥር ሰበብ እየመሰለባት ሄደ።

ታዲያ ለምን እዚሁ ኖረች ብትሉ፣ አንድ ነገር ትፈልግ ነበር። የእመቤታችንን ምስል ማልበስ።

ይህ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። በበዓሉ ጠዋት ጥቂት ሴቶች ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ገብተው በሩን ይዘጋሉ፤ ቄሱም ቢሆኑ አይገቡም። የአምናውን ካባ አውልቀው የዘንድሮውን ያለብሷታል። ካባው በክር አይያያዝም፣ በስፒል ነው የሚያዘው፤ የስፒሎቹን ሣጥን የያዘችው ሴት አልባሿ ትባላለች። ስታረጅ ለመረጠቻት ታስረክባለች፤ የተቀሩት ሴቶች ሣጥኑን ስመው ይቀበላሉ። ካባውን በየዓመቱ የምትሰፋው አሚንታ ነበረች። እንደ እሷ የወርቅ ክር የምታስኬድ ሴት በወንዙ ዳርና ዳር አልነበረችም። ሰፍታ፣ ተኩሳ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ዕቃ ቤቱ በር ድረስ ታመጣለች። በሩ ይከፈትና እጅ ይወጣል፤ ካባው ይገባል፤ በሩ ይዘጋል። ትከሻው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የምታየው እንደ ማንም ሰው ከመንገድ ዳር፣ ምስሏ በሰው ጫንቃ ላይ ስታልፍ ነው። አንዳንድ ዓመት ግራ ትከሻው ላይ ይጨማደዳል። አንዲት ስፒል ዝቅ ብላ ብትገባ ይስተካከል ነበር፤ ይህን እያየች ሌሊቱን ሁሉ ትናደዳለች። ሳፓ እመቤታችንን አትነካም ብሎ በአፉ የተናገረ ማንም አልነበረም። ማንም ግን አልጠራትም።

ሣጥኑን የያዘችው ዶኛ ቤትሳቤ ኦኛቴ ነበረች። ጉንጯ ላይ፣ ከአፏ ጥግ ከፍ ብሎ፣ ማርያም የሳመቻት ትልቅ ጥቁር ምልክት አለ፤ አልባሿ እንድትሆን ያስመረጣትም ይኸው ምልክት ነው ይባላል። በወጣትነቷ ፊልም ሠሪዎቹን ወጥ ቤት ሆና አገልግላለች፣ ኋላ ማዘጋጃ ቤቱን ታጸዳ ነበር። የዩሊሳ የክርስትና እናት ናት፤ ስለዚህ ከአሚንታ ጋር አበልጅ ናቸው። ቤትሳቤ በከንፈሯ አሞጥሙጣባት አታውቅም። በዋዜማው ከሕዝቡ ጋር ሳፓ ትላለች፤ እሱን ማን አይልም? አሚንታ ግን እንደ እህቷ ታያት ነበር። ዘንድሮ የቤትሳቤ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሣጥኑን በበዓሉ ጠዋት እንደምታስረክብ ተሰማ።

በዚያው ሰሞን ነው ማርሴላ የመጣችው። ዕድሜዋ ከሠላሳ ብዙ አያልፍም፤ መነጽር አድርጋ አንዲት ሚኒባስ ትነዳለች፤ በሚኒባሷ ጎን ላይ «ያልታዩ፣ ሊታዩ የሚገባቸው ፊልሞች» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ከወንዝ ዳር ከተማ ወደ ወንዝ ዳር ከተማ እየዞረች ማንም ያላስታወሳቸውን ፊልሞች ታሳያለች። እኛ መነጽር ያደረገን ሁሉ ዶክተር ስለምንል ወዲያው ዶክተር አልናት። አሚንታን ፈልጋ ቤቷ መጣች፤ የስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ አለችና እጇን ያዘቻት።

«እርስዎ ሴልሳ ነዎት። ባየሁዎት ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ! የዳይሬክተሩ ባለቤት ቤት ጓዳ ውስጥ ሙሉውን ኮፒ አገኘነው፤ አጽድተነዋል።»

አሚንታ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ሙሉውን ማለት?»

«ስድስቱንም።»

የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ የነበረው እግሯ ቆመ። ከዚያ ማርሴላን በእንቁላል የተሞላ የበቆሎ ቂጣ አበላቻት፣ ጭማቂ አጠጣቻት፣ ያልጠየቀቻትን ቀሚስ እንኳን አሳጠረችላት። ማታ ለዩሊሳ ደወለች። «ነገ ያያሉ» አለቻት። «ከነገ ወዲያ ጠዋት ሣጥኑን ቤትሳቤ ለእኔ ትሰጠኛለች።» ዩሊሳም «እማዬ፣ ብቻ ብዙ አትጠብቂ» አለች።

በዋዜማው አሚንታ ከስንት ዘመን በኋላ ወንበሯን ተሸክማ ወጣች። የሞተር ታክሲ የሚነዳው ዊልሜር ከሩቅ አይቷት «ኧረ ዛሬ ባለጉዳይዋ ራሷ መጥታለች! ቻኖን ደብቁት!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ዛሬ መሳቅ ትችላለች። ቤትሳቤ እንደ ሁልጊዜው ከፊት፣ ለእሷ በተተወው ቦታ ተቀምጣለች።

ፊልሙ እንደ አዲስ ጠርቶ ነበር፤ ጭቃው ይሸታል እስኪባል። ሕዝቡ እንደ ልማዱ አብሮ አነበነበ። ፊቷ ግድግዳውን ሞላ፤ ዝም አለ፤ ከንፈሯ ተሞጠሞጠ። አደባባዩ ሳመ፣ «ሳአአአፓ!» አለ። ወታደሮቹ ሮጡ። ግድግዳው ነጭ አልሆነም። ባንዱ ግን ነጭ መሆኑን አልጠበቀም፤ የባንዱ መሪ ኦስዋልዶ እጁን አነሣ፣ ከበሮው ፈነዳ፣ ርችቱ ወጣ፣ ሰዉ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ወንበሩን አጠፈ።

ማርሴላ ወደ ባንዱ ሮጠች። «አቁሙ! አላለቀም!»

«ዶክተር፣ እኛ ይህን ፊልም ከእናታችን ሆድ ጀምሮ እናውቀዋለን» አላት ኦስዋልዶ። «አልቋል።»

«ዞር ብለህ ግድግዳውን እይ!»

«እኔ ዞር ካልኩ እነዚህን ማን ይመራልሻል? ይልቅ ነይ ጨፍሪ!» አላትና አንዱ ክንዷን ይዞ አሽከረከራት።

አሚንታ ወንበሯን አላጠፈችም። የሚጨፍረው ሰው ጥላ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ በጥላው መሀል ራሷን አየች። ወታደሮቹ በሩን ሰበሩ፤ ውስጥ አንድ አልጋና አንድ ድስት ብቻ። ለኮሱት። ድምፁ አይሰማም፣ የሚሰማው ጡሩንባ ነው። «እዩት!» ብላ አጠገቧ የሚጨፍረውን ሰው እጅጌ ጎተተች፤ ሰውየው ትጨፍራለህ ወይ ያለችው መስሎት ወገቧን ያዛት። ገፈተረችው።

ከዚያ አይታው የማታውቀው ነገር መጣ። የወታደሮቹ ድንኳን ውስጥ መኮንኑ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ሻሽ ያሰረች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ትናገራለች። መኮንኑ ሰምቶ ይነሣል። ሴትየዋ ወደ እኛ ትዞራለች። ከአፏ ጥግ ከፍ ብሎ፣ ጉንጯ ላይ፣ ጥቁር ምልክት አለ። ከዚያ ቻኖን ከታንኳው ጎትተው ሲያወጡት፣ ከዚያ ሴልሳ አመድ ላይ። ተፈጸመ።

አሚንታ ዓይኗን ከግድግዳው ነቅላ ወደ ፊት አየች። በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሀል ከእሷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ቀርቷል። ቤትሳቤ ዞር አለች፣ ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ከዚያ ቤትሳቤ ተነሣች፣ ወንበሯን ለማጠፍ ታገለች፣ አቃታት፣ ትታው ሄደች።

ጠዋት አሚንታ ካባውን ይዛ ሌሎቹ ሴቶች ሳይመጡ ዕቃ ቤቱ በር ደረሰች። ቤትሳቤ ብቻዋን ነበረች፤ ሣጥኑ ጭኗ ላይ ነው።

«እንደምን አደርሽ፣ አበልጄ።»

«አልተኛሁም» አለች አሚንታ። «አንቺም አልተኛሽም።»

«አልተኛሁም።»

«ታውቂ ነበር።»

ቤትሳቤ ሣጥኑን ዳበሰችው። «ዋና ከተማ ሲታይ ወስደውኝ ነበር፣ ምግብ ስለሠራሁላቸው። አልቆ መብራት ሲበራ አጠገቤ የተቀመጠችው ወይዘሮ አየችኝና ቦርሳዋን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዛወረች። ፊልም ነው እኮ፣ ታውቃለች ፊልም እንደሆነ! ግን አዛወረች። ያን ጊዜ ይህን ይዤ ካኞ ማንሶ አልኖርም አልኩ። ሕፃን ልጅ ነበረኝ፣ ባል የለኝ።»

«እና ቆርቆሮውን ወንዝ ጣልሽው።»

«አልጣልኩትም! ውሃው ሲገባ ዕቃውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አምስቱን አነሣሁ። ስድስተኛውን… ጎርፉ ነው የወሰደው። እኔ ከመሬት አላነሣሁትም እንጂ።»

«እኔስ?» አለች አሚንታ። «ቤትሳቤ፣ እኔስ?»

«አንቺ ቆንጆ ነበርሽ፣ ባል አታጪም ነበር፣ ይስቁብሻል አንቺም ትስቂያለሽ። አንድ ዓመት ነው ይረሳል አልኩ። እኔ ምን አውቄ፣ አንድን ፊልም ዕድሜ ልኩን የሚያይ ከተማ አለ ብዬ!»

አሚንታ ልትመታት ፈለገች። እጇ ላይ ካባው ስለነበር አልመታቻትም፤ ካባውን መሬት መጣል አይሆንላትም።

«ሣጥኑን ልሰጥሽ አልችልም» አለች ቤትሳቤ። «ብሰጥሽ ሴቶቹ አይስሙትም። ለወንድሜ ልጅ ለሉስ ዳሪ ነው የምሰጠው። ግን ያቺ ዶክተር ከነማሽኗ እዚሁ ናት። ንገሪያቸው፣ እንደገና ታሳይ። አልከለክልሽም፤ የምከለክልበት አፍ የለኝም።» ከዚያ ቀስ ብላ ጨመረች፤ «ብቻ ስትነግሪያቸው ቤቴ ውስጥ ልሁን፣ አደባባይ ላይ አይሁንብኝ።»

ሴቶቹ መጡ። እጅ ወጣ፣ ካባው ገባ፣ በሩ ተዘጋ። አሚንታ በሩ ላይ ቆማ ሣጥኑ ሲሳም ሰማች።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰብስቦ የእመቤታችንን መውጣት ሲጠብቅ ማርሴላ ሰዉን እየገፋች አሚንታ ጋ ደረሰች። ሚኒባሷ ጥግ ላይ ሞተሯ ተነሥቶ ቆማለች።

«ትናንት አበዱብኝ፣ አይደል? አሁን ከንቲባውን አናግሬያለሁ። ዛሬ ማታ ባንዱ ዝም ይላል ብለዋል፣ የመጨረሻውን ክፍል ብቻ እደግመዋለሁ። ግን ምሽቱን የሚቀጥለው ከተማ ይጠብቀኛል፤ እዚያ ቀርቼ እዚህ የማድረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ያቺ ድንኳን ውስጥ ያለችው ሴት፣ ጉንጯ ላይ ምልክት ያላት። በሕይወት ካለች ሁለታችሁን ግድግዳው ፊት አቆማችኋለሁ፣ ሁሉም ሰው ያያችኋል። እርስዎ ያውቋታል? የት ነው ያለችው?»

አሚንታ ሌሊቱን ሁሉ ስትጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። መልሱን ጉሮሮዋ ላይ ይዛው ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ተከፈተ። እመቤታችን በሰው ጫንቃ ላይ ወጣች፤ ካባው ግራ ትከሻዋ ላይ ተጨማድዷል፣ ሉስ ዳሪ ስፒሏን ከፍ አድርጋ ወግታዋለች። ከኋላ ቤትሳቤ ጥቁር ዳንቴሏን ከራሷ እስከ አፏ አውርዳ፣ ጉንጯን ሸፍና ትራመዳለች። ማርሴላን አየቻት፣ አሚንታን አየቻት፣ ቆመች። አሚንታም የነገውን ጠዋት አየችው። አሮጊቷ ዓሣ ልትገዛ ወደ ወደቡ ስትወርድ፣ ወደብ ሙሉ ሰው ፊቱን አዙሮ ሲያያት። ያን ጠዋት በዓለም ላይ ከአሚንታ በላይ የሚያውቀው ሰው የለም። ለጠላቷም አልተመኘችውም፤ ቤትሳቤ በዚያች ሰዓት ጠላቷ ብትሆንም።

«የት ናት?» አለች ማርሴላ። «ጊዜ የለኝም።»

አሚንታ በአንድ እጇ ሻማ፣ በሌላው ለመጠበቂያ ያመጣችውን ወንበር ይዛለች። ጣቷን ልትዘረጋ አልቻለችም። ከንፈሯ ተሞጠሞጠ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከኮረብታው በላይ፣ ነጭ መስቀሎቹ ወደሚታዩበት ወደ መካነ መቃብሩ ሾለ።

«እዚያ ናት» አለች። «ከሞተች ቆየች።»

ማርሴላን ከፋት። ግንባሯን ስማት፣ «እርስዎን ማግኘቴ ይበቃኛል» አለቻትና ወደሚቀጥለው ከተማ ልትሄድ ወደ ሚኒባሷ ሮጠች።

በዚህ መሀል ዊልሜር ከሞተሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም አይቷል። የተነገረውን አልሰማም፤ ከንፈሩን ግን አይቷል። «ጠቆመች!» ብሎ ጮኸ። «በማርያም እምላለሁ፣ አሁን፣ በዓይኔ! ጠቆመች!»

ሰዉ በሙሉ ዞረ። ስንት ዘመን ጠብቀውት የነበረ ነገር ነው። ሻማ የያዘው ሻማውን ይዞ፣ እመቤታችንን የተሸከሙትም እንደተሸከሙ፣ ደጁ በሙሉ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ሳመና «ሳአአአፓ!» አለ። አሚንታ አመድ ላይ እንደተቀመጠችው ልጅ ምንም ሳታደርግ ቆመች። ከሰዉ ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ፣ ከጥቁሩ ዳንቴል ውስጥ፣ አንድ ያረጀ ድምፅም «ሳፓ» ሲል ሰማች።